ቢጫ ቀሚስ በአራተኛው ፎቅ

የብሎክ ሃያ ሦስት ነዋሪዎች ማታ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ወደ ቤታቸው ይሮጣሉ። አሥራ ሁለት ከአሥር ላይ አርባ አንድ መስኮት በርቶ፣ አሥራ ዘጠኝ መስኮት ጨልሞ መገኘት አለበት። ዋናው በር አጠገብ አንድ ሰው ብስክሌት ይዞ ይቆማል። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሁለት ሰዎች ይቀመጣሉ፤ አንደኛው ይስቃል። አራተኛው ፎቅ በረንዳ ላይ እጅጌ የሌለው ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ሴት ግራ ክንዷን መከታው ላይ አሳርፋ ወደ ምዕራብ ታያለች። አርባ ደቂቃ እንዲህ ሆነው ይቆዩና ፊት ለፊት የተተከለው ካሜራ ሲበቃው ሁሉም ወደየራቱ ይገባል።

ይህን ሁሉ የወሰንኩት እኔ ነኝ። ከአሥር ዓመት በፊት፣ አዲስ አበባ፣ ፀሐይ የሚመታው ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጬ፣ በአንድ እጄ ሳምቡሳ እየበላሁ።

ስሜ ናሆም ነው። ሥራዬ የሕንፃ ምስል መሥራት ነው፤ የድንግዝግዝ ምስል። ሕንፃ በቀን ብርሃን ሲታይ ጉዱ ብዙ ነው። በድንግዝግዝ ግን ሰማዩ ሰማያዊ፣ መስኮቱ ብርቱካናማ ይሆንና የትኛውም የሲሚንቶ ክምር አንድ ሰው የሚናፍቀው ቤት ይመስላል። አስፋልቱን ደግሞ ታረጥበዋለህ፣ መብራቱ መሬት ላይ እንዲደገም። መጨረሻ ላይ ሰው ትጨምራለህ፤ ሰው የሌለበትን ምስል ገዢ ይፈራዋል። ሠላሳ አራት ዓመት ይህንኑ ሠራሁ። ደክሞኛል። ይህን የምለው ለማማረር ሳይሆን እውነቱ ስለሆነ ነው።

ወላጆቻችን ቤት በምስል ይገዙ ነበር። ምስሉ ላይ ዛፍ አለ፣ ፏፏቴ አለ፣ የሚስቅ ቤተሰብ አለ፤ ከዓመታት በኋላ ሄደው ሲያዩት የቆመው ብረትና የኮንክሪት ምሰሶ ብቻ ነው። ያ ትውልድ ክፉኛ ስለተታለለ ሕግ አወጣ፤ ሕንፃ ሁሉ ምስሉን መምሰል አለበት አለ። ደግ ሕግ ነበር። መጀመሪያ የቀለምና የዛፍ ነገር ነበር። ቀጥሎ መብራቱ መጣ። ከዚያ አንድ ብልህ ጠበቃ ተነሣና ምስሎቹ ላይ ሰዎችም እንዳሉ አስታወሰ። ወፎቹን ብቻ ነው ሕጉ የማረልን።

ቤቶቹ የሚወጡት በዕጣ ነው። ብርሃን ቤት አለ፣ ጨለማ ቤት አለ፣ ሰው ያለበት ቤት አለ። ጨለማ የደረሰው ለአርባ ደቂቃ ልጆቹን ደረጃ ላይ ያስጠናል። ሰው ያለበት ቤት የደረሰው ደግሞ ሰው ያቀርባል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ካጎደለ ቤቱ ወደ ዕጣው ይመለሳል። ሰው ሁሉን ይለምዳልና ይህንንም ለምዶታል፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ኅዳር አለቃዬ ኢንጂነር አስካለ ጠራችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። የእሷ ትውልድ የቅድመ አያቶቹን ስም መልሶ አምጥቶታል፤ ናሆም የሚባለው አሁን ሽማግሌ ብቻ ነው።

«ጋሽ ናሆም፣ የብሎክ ሃያ ሦስት ምስል አሥር ዓመቱ ሞልቷል። ደብረ ብርሃን ሄደው ያድሱልን» አለችኝ።

«ማሽኑ አያድሰውም?»

«ያድሰዋል። ሰዎቹ ላይ ግን ፈቃድ ያለው ባለሙያ መፈረም አለበት፤ ያውቁት የለ? ደግሞ ቢጫዋን እንዳይነኳት። ከተማው በእሷ ነው የሚታወቀው። የባቡር ትኬቱ ላይ ሳይቀር አለች።»

ቢጫዋን እኔም እወዳት ነበር። ያኔ ያን ሁሉ ሰማያዊ ሠርቼ ስጨርስ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ አጣሁ። ከምስል ማከማቻው ሰዎች ሳገላብጥ አገኘኋት፤ የሆነ የባሕር ዳርቻ ላይ የተነሣች ሴት ናት፣ ነጭ ሻሽ ያሰረች፣ ፊቷን ያዞረች። ቆርጬ ለጠፍኳት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ባቡሩ ላይ ሆኜ አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ደብረ ብርሃንን እግሬ ረግጦ አያውቅም። ከአሥር ዓመት በፊት በሞላሁት ቅጽ ላይ ግን «ቦታውን በአካል ጎብኝቻለሁ» ከሚለው ሥር ፊርማዬ አለ። ያኔ ሁላችንም እንዲሁ ነበር የምንፈርመው። በሳምንት አራት ምስል የሚጠበቅበት ሰው አገር ሊዞር ነው እንዴ?

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ከባቡር ስወርድ ብርዱ ጆሮዬን ያዘኝ። ኮት ነበረኝ፤ ኮቱን እንደሌለ ነው የቆጠረው። ከብሎኩ ፊት ለፊት ካለ ፔንሲዮን ክፍል ይዤ ወደ መንገዱ ስወጣ ሁለት ዘበኞች አስፋልቱን በጎማ ውኃ ያረጥቡታል።

«ይህ ውኃ ጠዋት በረዶ አይሠራም?» አልኩት አንደኛውን።

«ይሠራል እንጂ። አምና ሁለት ሰው ተንሸራቶ ዳሌው ተሰብሯል።» ጎማውን ወደ ሌላ በኩል አዞረ። «ምን ይደረግ፣ ምስሉ ላይ ርጥብ ነው።»

ማን እንዳረጠበው አልነገርኩትም።

አሥራ ሁለት ከአሥር ላይ መስኮቶቹ በሩ። ብስክሌቱ ቆመ፣ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ሳቀ። አራተኛው ፎቅ ላይ ቢጫዋ ወጣች። ከሩቅ ሲያዩት ልክ የሠራሁት ነበር፤ ሰማያዊው፣ ብርቱካናማው፣ በመሀል እሷ። በሙያዬ የኮራሁበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ያቺን አንድ ደቂቃ ኮራሁ። ከዚያ የካሜራዬን መነጽር አቀረብኩት። ከቀሚሱ የወጡት ክንዶች የአሮጊት ክንዶች ነበሩ። ሴትዮዋ ያስላታል። ስትስል ክንዷ ከመከታው እንዳይነሣ በሌላኛው እጇ ትይዘዋለች።

አርባው ደቂቃ ሲያልቅ ወደ ላይ ወጥቼ አንኳኳሁ። በሩን የከፈቱልኝ ሁለት ጋቢ የደራረቡ አጠር ያሉ ሴት ናቸው፤ ስድሳ አራት፣ ስድሳ አምስት ይሆናቸዋል። የቢጫው ቀሚስ ጫፍ ከጋቢው ሥር ይታያል።

«ከምስል ጽሕፈት ቤት ነኝ» አልኳቸው።

«አጎደልኩ እንዴ?» አሉኝ፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም።

«የለም፣ ምንም አላጎደሉም። ለእድሳቱ ነው የመጣሁት።»

«ተመስገን። ይግቡና በሩን ይዝጉት፣ ብርድ ይገባል።»

እትዬ ሃሴት ይባላሉ። የልብስ ስፌት መምህር ነበሩ። ቤቱ የወጣላቸው ሃያ ሁለት ዓመት ዕጣ ከጠበቁ በኋላ ነው። መጀመሪያ ስድስት ዓመት የቆመችው ልጃቸው ዘነቡ ነበረች፤ አግብታ ጅማ ስትሄድ ቀሚሱን አጥባ፣ ተኩሳ ለእናቷ አስረክባ ሄደች። ሕጉ ማን እንደሚቆም አይጠይቅም፤ ቀሚሱን ነው የሚጠይቀው። እሳቸው ይኸው አራት ዓመታቸው ነው። አንድ ጊዜ የሰውነት ቀለም ያለው ሹራብ ሰፍተው ከሥር ለብሰው ነበር፤ «የሕንፃው ሰው ክንድ ወፍሯል» የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው።

«ሐኪሙ ሳንባዬን አይቶት ማታ ከቤት አትውጪ ነው ያለኝ» አሉ። «እሺ አልኩት። ሌላ ምን ልበለው? ሌላ ብርድ ከመታኝ እንደማልነሣም ነግሮኛል። ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። እዚያ ምስል ላይ ጋቢ ይደርቡላት። ጋቢ ካልሆነ ሹራብ። እጅጌ ብቻም ቢሆን አልጠላም።»

«ጭራሽ ከምስሉ ባጠፋትስ?»

«ካጠፏትማ ቤቱ ሰው የሌለበት ይባልና እንደገና ዕጣ ይወጣበታል። እኔ የት ልገባ ነው?» ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «ያን የመጀመሪያውን የሠራው ሰው በሕይወት አለ?»

«አለ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ልዋሽ እችል ነበር። ድካም ግን አንዳንዴ ከሐቀኝነት ጋር ይመሳሰላል፤ ውሸት ለመፈብረክ ጉልበት ያስፈልጋል።

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።

 አንቱታው ያኔ ቀረ።

«አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«እጅጌ ምን በድሎህ ነው?»

«ብርድ መኖሩን አላሰብኩም ነበር።»

«ደብረ ብርሃን ነው አላሉህም?»

«ብለውኛል። ግን ሳልመጣ ነው የሠራሁት።»

አልጮኹም፣ አልተራገሙም። ቢራገሙ ይቀለኝ ነበር። ተነሥተው የምድጃውን እሳት አበረቱና «ይኸው አሁን መጣህ» አሉኝ።

ሁለት ቀን ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ ምስሉን ሠራሁ። ጋቢውን ደረብኩላት። ነጩ ቢጫውን አጠፋው፤ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ጠፋ፤ ምስሉ እንደማንኛውም ምስል ሆነ። ይህ ቀላሉ ነው። ችግሩ ልብስ ሲቀየር ማሽኑ ምክንያት ይጠይቃል። «የነዋሪ ጥያቄ» የሚለው ምክንያት ለበረንዳ ሰው አይፈቀድም። የሚቀረው አንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ የቦታ ስህተት፣ ምስሉ ከቦታው አየር ጋር አይሄድም ማለት። ይህን ከመረጥክ የድሮው ቅጽ ይከፈታል፣ ቅጹ ላይ ደግሞ ፊርማዬ አለ። ሐሰተኛ የጉብኝት ፊርማ ፈቃድ ያሰርዛል። ጡረታ ልወጣ ስምንት ወር ነው የቀረኝ። የምኖርበት ቤትም የጽሕፈት ቤቱ ነው።

ጀግና ነኝ እያልኩ አይደለም። በሁለተኛው ቀን ጋቢውን ሰርዤ፣ ሻንጣዬን ዘግቼ፣ የጠዋቱን ባቡር ትኬት ቆርጬ ነበር። ትኬቱ ላይ ቢጫዋ አለች።

ያን ዕለት ማታ ለመጨረሻ ጊዜ ልያቸው ብዬ በመስኮቴ በኩል ቆምኩ። ነፋሱ በርትቷል። አሥራ ሁለት ከሃያ አካባቢ እትዬ ሃሴት ማሳል ጀመሩ፤ አላቆመላቸውም። ጎንበስ አሉ። ክንዳቸው ከመከታው ተነሣ። ካሜራው ላይ ቀይ መብራት በራ። አንድ ተቆጠረባቸው ማለት ነው። እሳቸው ቀዩን አዩት፣ ቀና አሉ፣ አፋቸውን በሻሹ ጫፍ ጠረጉ፣ ክንዳቸውን ወደ ቦታው መለሱ። ሃያ ስምንት ደቂቃ ይቀራቸው ነበር። ወንበሩ ላይ ያለው ሰውዬ እየሳቀ ነው።

አፈርኩ። ሌላ ስም የለውም፣ አፈርኩ። ለአስካለ ደወልኩላት።

«የቦታ ስህተት ብዬ ላስገባ ነው።»

«የቱ ቦታ? ቢጫዋ?» አለች። «ጋሽ ናሆም፣ ያን ካስገቡ የድሮው ቅጽ ይከፈታል እኮ። ጎብኝቻለሁ ብለው ፈርመዋል።»

«አልጎበኘሁም።»

በር ስትዘጋ ተሰማኝ። 

«ይህን አልሰማሁም» አለች። «ይተኙበትና ነገ እናውራ። ፈቃድዎን ይነጥቁዎታል። ቤቱንም ያስለቅቁዎታል። ለአንድ ጋቢ ብለው?»

«ብርዱን አታውቂውም» አልኳት። እኔም ሦስት ቀኔ ነበር።

አስገባሁት። ወደ አዲስ አበባ ተመልሼ መልሱን ጠበቅኩ። ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ቀን ውሳኔው መጣ፤ አጭር ነው። ማስተካከያው ጸድቋል፤ የሕንፃው ሰው ነጭ ጋቢ ለብሳለች። አዲሱ ምስል ከመስከረም አንድ ጀምሮ ይጸናል። የባለሙያው ፈቃድ ከዛሬ ጀምሮ ተሰርዟል።

የእኔው ከዛሬ፣ የእሳቸው ከመስከረም። ሠላሳ አራት ዓመት በዚህ ሥራ የኖርኩ ሰው ይህን ማወቅ ነበረብኝ። አዲስ ምስል የሚጸናው በዘመን መለወጫ ነው፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው። ያን ምሽት ስለ ጋቢው ብቻ ሳስብ ስለ ቀኑ አላሰብኩም። አሁንም እንደ ድሮው ብርዱ ሳይነካኝ ተቀምጬ ነበር የሠራሁት።

በማግስቱ ዕቃዬን በሁለት ሻንጣ ከትቼ ተመልሼ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ወሬውን በስልክ መንገር አልሆነልኝም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በራቸውን አንኳኳሁ። ወረቀቱን ቆመው አነበቡት። ጋቢ የሚለው ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ፈታ አለ፤ ከዚያ ወረዱና መስከረም ላይ ደረሱ።

«መስከረም» አሉ። ወረቀቱን በአራት አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ባለፈው ሳምንት ደግሞ አጉድያለሁ። ሁለት ሆነብኝ።»

«አንድ ነው የቀረዎት ማለት ነው።»

«አንድ ነው። ለመስከረም የሚደርስ አይደለም።» ይህን ሲሉ ስለ ቤቱ ይሁን ስለ ሳንባቸው አልጠየቅኳቸውም፤ ሁለቱም አንድ ነበሩ።

በረንዳው በር አጠገብ ቀሚሱ ተሰቅሏል።  አሥራ አንድ ተኩል ሆኗል፤ ዘበኞቹ አስፋልቱን ማጠጣት ጀምረዋል።

«ቀሚሱን ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ለምን?»

«ሕጉ ማን እንደሚቆም አይጠይቅም።»

መጀመሪያ ሳቁ፣ ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረ፣ ሳሉ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። እንባቸውን ጠርገው ዳግም ሲያዩኝ አስተያየታቸው ተለወጠ፤ ተማሪ ፊታቸው የቆመ ያህል ከላይ እስከ ታች ለኩኝ።

«ዞር በል እስቲ። ክንድህን አንሣ።» ብብቴ ሥር ጨበጥ አደረጉኝ። «ክሳትህ ጥሩ ነው። ሁለት ስፌት ብለቅልህ ይበቃሃል። ጺምህን ግን ተላጭ።»

ምላጩ የሟቹ ባለቤታቸው ነበር። በቀዝቃዛ ውኃ ተላጨሁ። እሳቸው የብብቱን ስፌት ፈትተው፣ መልሰው ሰፍተው፣ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። ሻሹን ራሳቸው አሰሩልኝ። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ጉልበቴ ላይ የሚደርስ ቢጫ ቀሚስ ለብሼ የበረንዳ በር አጠገብ ቆሜ ሰዓት እጠብቃለሁ።

«ግራ ክንድህን መከታው ላይ። አገጭህን ቀና» አሉኝ። «ሲያምህ ቁጠር። እኔ መስኮት ነው የምቆጥረው።»

አሥራ ሁለት ከአሥር ላይ ወጣሁ።

ብረቱ ክንዴን አቃጠለኝ፤ ብርድ እንደዚያ እንደሚያቃጥል አላውቅም ነበር። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ክንዴ የእኔ አልመስል አለኝ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጥርሴ ተንቀጠቀጠ፤ አፌን ገጠምኩ። ምስሉ ላይ ወደምትጠልቀው ፀሐይ የምታይ አስመስያት ነበር። ከዚህ የሚታየው የብሎክ ሃያ አራት የውኃ ጋን ነው። አሥር ዓመት ሙሉ እናትና ልጅ አንድ የውኃ ጋን ሲያዩ ኖረዋል። መስኮት ቆጠርኩ፤ አርባ አንድ፣ እንደገና አርባ አንድ። የጨለሙትንም ቆጠርኩ። በአንደኛው ጨለማ መስኮት ውስጥ የሆነ ሰው በጨለማ ሾርባ ይጠጣል፤ ማንኪያው ሲያብለጨልጭ ይታየኛል።

ካሜራውን ፈራሁት። የወንድ ጉሮሮ አለኝ፣ የወንድ እግር አለኝ፣ ቅንድቤ ሸብቷል። አረንጓዴ መብራቱ ግን ወደ ቀይ አልተለወጠም። ባለ ብስክሌቱ ቀና ብሎ አይቶኝ መልሶ ወደ ፊቱ ዞረ። ወንበሩ ላይ ያለው ሳቀ። ከባቡር ጣቢያው በኩል አንድ ወንድና አንዲት ሴት እየተሳሳቁ መጥተው ከሥሬ ቆሙ፤ ለጉብኝት የመጡ ናቸው መሰለኝ። ስልካቸውን አነሡ።

«አየሃት?» አለችው ልጅቷ። «ስታምር። ብርዱ እንኳ አይነካትም።»

ፎቶውን አንስተው፣ ተያይተው፣ እርጥቡ አስፋልት ላይ እየተጠነቀቁ ሄዱ።

አሥራ ሁለት ከሃምሳ ላይ ለይምሰል የበሩት መብራቶች ጠፉ፤ ጨለማ የነበሩት ደግሞ ቦግ ቦግ አሉ። ክንዴን ከብረቱ ለማንሣት በሌላኛው እጄ መያዝ ነበረብኝ። እትዬ ሃሴት በሩን ከፍተው ወደ ውስጥ ሳቡኝ፤ ምድጃው አጠገብ አስቀምጠው ጣቶቼን አንድ በአንድ ያሹልኝ ጀመር።

«ሰው አወቀህ?» አሉኝ።

«ማንም።»

«እኔንም አራት ዓመት ማንም አላወቀኝም» አሉ፤ ቁጣ አልነበረበትም። «ነገስ ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ።»

ጣቴን ማሸት ቀጠሉ። እስከ መስከረም ሁለት መቶ ስድሳ ሁለት ማታ ይቀራል።